«የኛ ሰው ነው ወይ?»፦ ስለ ተወዳዳሪ ሃይማኖት የከፈትኩት የውይይት ክርና የመጡት መልሶች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ ልሰጥ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የምርጫ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ፊደል እንዳልቆጠሩ ነገሩኝና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዕጩዎች ስም እንዳነብላቸው ለመኑኝ። አነበብኩላቸው። ስለ ፓርቲ አልጠየቁኝም፤ ስለ ኑሮ ውድነትም፣ በዚያ ሰሞን ስለነበረው ጦርነትም አልጠየቁኝም። በየስሙ ላይ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኛ ሰው ነው ወይ? መጀመሪያ የብሔር ነገር መስሎኝ ደንገጥ አልኩ። እሳቸው ግን ማዕተብ ያለው መሆኑን ነበር ማወቅ የፈለጉት።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ስሙን እያየሁ ገመትኩላቸው። እኛ ዘንድ ስም ሃይማኖትን ይናገራል ተብሎ ይታመናል፤ ገብረና ወልደ ያለበትን ወደዚህ፣ መሐመድና አሕመድ ያለበትን ወደዚያ እንመድባለን። በቀለ የሚለውን አንዱን ስም ክርስቲያን ነው አልኳቸው። ከምርጫው በኋላ ሰውየውን የሚያውቅ ጓደኛዬ የአርሲ ሙስሊም መሆኑን ነገረኝ። እናቲቱ ማንን እንደመረጡ አላውቅም። እኔ ግን በማላውቀው ነገር የሰው ድምፅ ለመምራት መሞከሬ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን ክር የከፈትኩትም ለዚህ ነው።

ጥያቄው አገራችን ውስጥ ከምርጫ ኮሮጆ በፊትም ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ የሚለው ቃል ዛሬም በአፋችን አለ። ያኔ የንጉሡ እምነት የአገሩ እምነት ነበር። ዛሬስ? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ነበር። ከግማሽ ያለፈ የለም። ማንኛችንም የኛ የምንለውን ሰው ቤተ መንግሥት ብናስገባ፣ ከሚመራው ሕዝብ የሚበዛው የሱን እምነት የማይጋራ ነው።

እንግዲህ ለአገር ሥልጣን የሚወዳደርን ሰው ሃይማኖቱን መጠየቅ ተገቢ ነው ወይስ ነውር? እኔ ይጠየቅ ባይ ነኝ። ግን መጠየቅ ያለብን ከሌላው ወገን ቆመን ይመስለኛል። እምነቱን የማይጋራው ሰው በሱ ዘመን ምን ያጣል? የመቃብር ቦታ? የአምልኮ ቦታ? ሥራ? ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት? እናንተስ ምን ትላላችሁ ብዬ ጻፍኩ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ 24 መልስ መጣ። ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ በየቁጥሩ እተርካለሁ፤ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን አልፈዋለሁ።

መልስ 1፦ የሕግ ተማሪ ነው፤ ሰላምታውን አስረዝሞ አቀረበ። በሐሳቤ ተስማምቶ ሕገ መንግሥቱን አስታወሰኝ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውንና መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ይደነግጋል፤ አንቀጽ 38 ደግሞ የመምረጥና የመመረጥ መብት በሃይማኖት ልዩነት እንዳይገደብ ያደርጋል። በሕጉ በኩል ነገሩ ያለቀ ነው ሲል ደመደመ። እኔ አለቀ አልልም። ሕጉ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ሲቆም ልቡ ወደየት እንደሚያዘነብል የሚወስን አንቀጽ የለም።

መልስ 2፦ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አባት ናቸው፤ ልጄ እያሉ ጻፉልኝ። ጥያቄዬ ራሱ እንዳሳዘናቸው ነገሩኝ። እሳቸው ባደጉበት ሰፈር የሰው ሃይማኖት መጠየቅ ነውር እንደነበረ፣ አገር የጋራ፣ ሃይማኖት የግል የሚለው አባባል ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያሳደጋቸው ቃል እንደሆነ አጫወቱኝ። ይህን ጥያቄ ማንሳት የተኛውን መቀስቀስ ነው ባይ ናቸው።

መልስ 3፦ ጅማ የተወለደች እህት ናት። አባትየውን በአክብሮት፣ አንቱ እያለች ግን ሳታመቻምች አረመቻቸው። አባባሉ መልካም እንደሆነ ተቀብላ፣ በዚያው ዘመን የወጣው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ይፋዊ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚሁ እምነት ተከታይ መሆን እንዳለበት ይደነግግ እንደነበር አመለከተች። ሃይማኖት የግል የነበረው ከዙፋኑ በታች ላለው ሰው ነው ማለቷ ነው።

ከዚያ የአባቷን ነገር አመጣች። አባቷ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከወጡት ሰልፈኞች አንዱ ነበሩ። ከጥያቄዎቹ መካከል መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ በዓላችን በአገር ደረጃ ይከበር የሚሉ ነበሩበት። ሌላው ደግሞ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች መባላቸው ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንዲባሉ ነበር። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሱ የኖሩት ግን አብረዋቸው የወጡትን ክርስቲያኖች ነው። ቤተሰቡ ባያውቃቸውም፣ አንድ ማዕተብ ያሰረ ተማሪ ጫማቸው ሲበጠስ ጎንበስ ብሎ እንዳሰረላቸው ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በዓመቱ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የአገር በዓላት ሆኑ። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 4፦ ወደ ልጅ ኢያሱ ወሰደን። ሕዝቡ የሰለመ መሪ አልቀበልም ብሎ አወረዳቸው፤ መራጭም ዛሬ ያንኑ ቢያደርግ መብቱ ነው ሲል ተከራከረ።

መልስ 5፦ የታሪክ መምህር ነኝ ያለ ሰው ነገሩን ዘርዘር አድርጎ መለሰ። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ መስለማቸው አከራካሪ ነው፤ መስጊድ መግባታቸው፣ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር መጋባታቸውና መወዳጀታቸው ሌላ፣ ሃይማኖት መለወጣቸው ሌላ ነው። አያይዞም አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ ዓሊ እንደነበሩ፣ የሸዋ መኳንንት ሥልጣን ወደ ወሎ መሄዱን እንዳልወደዱት፣ ዓለም ጦርነት ላይ ስለነበረ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማት ጽሕፈት ቤቶች) ኢያሱ ወደ ቱርክ ያዘነብላሉ ብለው እንደሰጉ አስረዳ። በሱ አነጋገር ክሱ በሃይማኖት ቋንቋ ተጻፈ እንጂ ውስጡ ብዙ ነገር ነበረው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ፤ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ የወሎና የሸዋ ጦር ተላለቀ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ የሃይማኖት ክስ ምን ያህል ሌላ ጉዳይ ተሸክሞ ሊሄድ እንደሚችል ነው። ስም አይቶ የሚገምት እንደኔ ያለ ሰው ደግሞ ያን ሸክም ሳያውቅ ያቀብላል።

መልስ 6፦ አያቴ የነገሩኝ ደመራ ዕለት ነው ሲል ቀኑ ላይ ተከራከረ። መምህሩ ደመራ 16፣ መስቀል 17 መሆኑን ጽፎለት ተግባቡ።

መልስ 7፦ ሰሜን ሸዋ ገጠር ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የተወለደ መምህር ነው። ያደገው ጴንጤ እየተባለ ነው። አያቱ ሲሞቱ የደብሩ ግቢ ውስጥ መቀበር ስላልተፈቀደ፣ ሬሳው ሁለት ቀን ቤት ውስጥ አድሮ ከእርሻ ዳር ተቀበረ። ልጅ ሆኖ ያየው ያ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። መስከረም 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ በቴሌቪዥን አይቶ እንዳለቀሰ አልደበቀም። ፖሊሲያቸውን አስቦ አይደለም፤ የእርሻ ዳሩን መቃብር አስቦ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ያላሰብኩት። አቶ ኃይለማርያም የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ናቸው፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን በሥላሴ ትምህርት ላይ ባላት አቋም ምክንያት ሌሎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከራሳቸው አይቆጥሯትም። የሱ የገዛ እናት እኚህ ሰው የኛ አይደሉም፣ ኢየሱስ ብቻ ናቸው ብለው ደስታውን አልተካፈሉትም። የኛ የሚባለው ክብ እየጠበበ እየጠበበ የት እንደሚያቆም አላውቅም ብሎ ጨረሰ።

መልስ 8፦ እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው አንቱ እያለ ጀመረ፣ ቃሉ ግን ስለታም ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ቤተ መንግሥቱ የጸሎት ቤት ሆኗል፣ የገዥው ፓርቲ ስም ብልጽግና መባሉም ከአንዳንድ ሰባኪዎች ትምህርት የተቀዳ ነው፣ መምህሩም የሚያለቅሰው ለዚህ ነው ሲል ወነጀለ። የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናትንም አነሳ፤ በ2010 ክረምት ጅግጅጋ ላይ የሆነውን ጠቀሰ። በጅግጅጋ የሆነው እውነት ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናት ተገድለዋል። ከስም ተነስቶ የመሪን ልብ መፍረድ ግን እኔ በሰልፉ ላይ የሠራሁት ስሕተት ነው።

መልስ 9፦ መምህሩ መለሰ። አንቱታውን ትቶ አንተ አለው። ሚኒስትሮች በጥምቀት ጃንሜዳ ሲገኙ ማንም ቤተ መንግሥቱ ደብር ሆነ አላለም፤ የኛ ሰው ገብቶ ሲጸልይ ግን ወንጀል ይሆናል አለ። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ፣ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ሲገደሉ የት ነበርክ ብሎ ጠየቀው። ባለ 8 ቁጥሩ ያኔ ያልተወለደ ሊሆን ይችላል፤ ንዴት ግን ዕድሜ አይቆጥርም። ሦስተኛ ሰው መሃል ገብቶ በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ የተቃጠሉትን መስጊዶች ጨመረበት።

መልስ 10፦ የኔ ነው። ሁለቱንም በአክብሮት ለመንኳቸው። ጅግጅጋንም ሞጣንም ያነሳ ሰው ያነሳው እውነተኛ ሐዘን ስለሆነ ማንም ዝም በል እንዳይለው፣ ሆኖም አንዱን ሐዘን ለሌላው ማስተባበያ አናድርገው አልኩ። ከ9 ቀጥሎ ከተጻፉት ውስጥ ስድብ ያለባቸውን ሁለት መልሶች አወያዩ አነሳቸው፤ በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

መልስ 11፦ ክሩን የለወጠችው እሷ ናት። ቤይሩት ስምንት ዓመት በቤት ሠራተኝነት የኖረች እህት ናት። መጻፍ አልችልም፣ ፊደሌን ታገሱኝ ብላ ጀመረች፤ ከሁላችን ይበልጥ የጻፈችው ግን እሷ ናት።

እዚያ አገር፣ ሊባኖስ፣ ተወዳዳሪን ሃይማኖቱን የሚጠይቅ የለም፤ ወንበሩ ራሱ ሃይማኖት አለውና። ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሺዓ ይሆናል። 128ቱ የፓርላማ መቀመጫዎች ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ እኩል ለእኩል፣ ከዚያም በየውስጡ ለየወገኑ ተከፍለዋል። በይፋ የታወቁት የእምነት ወገኖች 18 ናቸው። አሠሪዋ ድምፅ ለመስጠት የሚሄዱት የሚኖሩበት ሰፈር ሳይሆን አያቶቻቸው የተመዘገቡበት ተራራ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ቤተሰቡ በሙሉ በሁለት መኪና ሲሄድ እሷ ከሕፃናቱ ጋር ቤት ቀረች፤ ሲመለሱ ጣታቸው በቀለም ተነክሮ ነበር፤ ሕፃናቱ በቀለሙ ሲጫወቱ አመሹ።

የአሠሪዋ ልጅ ከሌላ ወገን የሆነ ልጅ ወደደች። አገሩ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት የሚፈጸም ጋብቻ ስለሌለ ቆጵሮስ ሄደው ተጋቡ። እናትየው ሠርጉን በስልክ አይተው ወጥ ቤት መጥተው እሷ ትከሻ ላይ አለቀሱ። በዚያች ሰዓት አሠሪና ሠራተኛ አልነበርንም ትላለች።

መብራቱ በቀን ጥቂት ሰዓት ነበር የሚመጣው። ለሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት በየወሩ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቆሻሻው ሳይነሳ መንገድ ላይ ተከምሮ ሲሸት፣ ከየወገኑ የመጡ ወጣቶች አብረው አደባባይ ሲወጡ በረንዳ ላይ ሆና አይታለች። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላም ፕሬዚዳንት ሳይመረጥ ከጥቅምት 2022 እስከ ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቆየ። ማሮናዊ ጠፍቶ አይደለም፤ የቱ ማሮናዊ እንደሚሆን መስማማት ስላልቻሉ ነው። የኛ ሰው ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ሕግ አድርጋችሁ ብትጽፉት የሚሆነው ይሄ ነው፤ የኛ ሰው ሁልጊዜ እዚያ አለ፣ ቆሻሻውን የሚያነሳ ግን የለም አለች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን መክፈቻ ተመልሼ አየሁት። እኔ ይጠየቅ ያልኩት መራጩ እንዲጠይቅ ነበር። ጥያቄው ከመራጩ አፍ ወጥቶ ወደ ወንበሩ ሲገባ ምን እንደሚመስል አላሰብኩበትም ነበር።

መልስ 12 እና 13፦ ከርዕሱ ወጡ። አንዱ አሁን ቤይሩት እህቱን ሊልክ ስላሰበ ስለ ደመወዝና ስለ ኤጀንሲ ጠየቃት። እሷም እንዳይልካት አጥብቃ ለመነችው፤ ፓስፖርት አሠሪ ዘንድ ሲያዝ ምን ማለት እንደሆነ ነገረችው። ከርዕሱ ቢወጣም እንዲነሳ አልፈለግኩም።

መልስ 14፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ታክስና ኖታሪ (ሰነድ ማረጋገጥ) የሚሠራ ወንድም ነው። ማኅተሙን ሲወስድ ያነበበውን ታሪክ አመጣ። የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሹመት የሚይዝ ሰው በእግዚአብሔር መኖር እንደሚያምን እንዲያረጋግጥ ይጠይቅ ነበር። ቶርካሶ የሚባል ሰው ኖታሪ ሆኖ ተሾመና ያን ቃል አልሰጥም አለ፤ ሹመቱን ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። እኔ አማኝ ነኝ፣ ጠዋት ዳዊት ሳልደግም አልወጣም፤ ማኅተሜ ግን ያ የማያምን ሰው ባሸነፈው ፍርድ ላይ የቆመ ነው አለ።

አያይዞም ኬኔዲን አነሳ። ካቶሊኩ አል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1928 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ተሸንፎ ስለነበር፣ ኬኔዲ በ1960 ሲወዳደር ካቶሊክ ከሮም ነው የሚታዘዘው የሚለው ስጋት ከባድ ነበር። መስከረም 12 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ሂውስተን ሄዶ በፕሮቴስታንት ፓስተሮች ፊት ቆመ። ሃይማኖቴን አትጠይቁኝ አላለም፤ ተናግሮ ሲያበቃ ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ መለሰ። ሹመቱ ኅሊናውንም የአገሩንም ጥቅም አብሮ መጠበቅ የማያስችለው ቀን ቢመጣ ሥልጣኑን እንደሚለቅም ቃል ገባ። በኔ ዓይን ለመክፈቻ ጥያቄዬ የቀረበው ምላሽ ይህ ነው፤ የጠየቁት የእምነቱ ተከታይ ያልሆኑት ናቸው፣ የመለሰውም ለነሱ ነው።

መልስ 15፦ ዳሬሰላም የተማረ ሰው የታንዛኒያን ፕሬዚዳንቶች ነገር በየተራቸው ባጭሩ አስቀመጠ። ኔሬሬ ካቶሊክ፣ ሙዊኒ ሙስሊም፣ ምካፓ ካቶሊክ፣ ኪክዌቴ ሙስሊም፣ ማጉፉሊ ካቶሊክ፣ ሳሚያ ሙስሊም። እንዲህ እንዲፈራረቁ የሚያዝ የተጻፈ ሕግ የለም። ሙስሊም የሚበዛባት ሴኔጋልም ካቶሊኩን ሴንጎርን ከ1960 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት ይዛ ቆይታለች፤ ክርስቲያን የሚበዛባት ማላዊም በ1994 እ.ኤ.አ. ሙስሊሙን ባኪሊ ሙሉዚን መርጣለች።

መልስ 16፦ ደሴ ላይ የዕድር ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ቦሩ ሜዳ ከቤታቸው ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. እዚያ በተደረገው የዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ወቅት ቅድመ አያታቸው ሲጠመቁ የቅድመ አያታቸው ወንድም ሙስሊም ሆነው ቀሩ፤ ዛሬም ሁለቱ ቤቶች በሐዘንም በደስታም አይለያዩም። የዕድሩ አባላት ከሁለቱም እምነት ናቸው፤ ዳኛው አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ይመረጣል። ድንኳን አንድ ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው፤ ሥጋው ብቻ ለየብቻው ይታረዳል፣ ጾም ከሆነ ደግሞ ለሁሉም ሽሮና ምስር ይወጣል። እሳቸው ሲመረጡ ማንም ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም፤ የተጠየቁት የፊተኛው ዳኛ ያጎደለውን ገንዘብ ያስመልሱ እንደሆነ ነው።

መልስ 17፦ የዕድሩን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ግን አታታልሉን ያለ ሰው ነው። ዕድር ወታደር የለውም፤ እስር ቤት የለውም፤ መሬት አይሰጥም፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አያዝም። ዳኛው ቢከፋ አባሉ ሌላ ዕድር ይገባል፤ አገር ግን እንደዚያ አይለወጥም። ስለዚህ ሰው ለዕድር የማይጠይቀውን ለመንግሥት ቢጠይቅ ፈርቶ ነው እንጂ ከፍቶ አይደለም። ንግግሩ ሻከር ያለ ቢሆንም ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሰልፉ ላይ የነበሩት እናትም የፈሩ እንጂ የጠሉ አይመስለኝም።

መልስ 18፦ ከ2004ቱ ድምፃችን ይሰማ ሰልፎች ያልቀረ ወጣት ነበር፤ አሁን ነጋዴ ነው። ያኔ ጥያቄያቸው መንግሥት ከመጅሊሱ እጁን ያንሳ የሚል እንደነበር አስታወሰ። የሚያመለክተው ይህን ነው፤ እጁን ያስገባው መንግሥት በሃይማኖተኛነቱ የታወቀ አልነበረም። መሪው የኛም የናንተም ሳይሆን ሃይማኖታችን ውስጥ ይገባ ነበር። የሚያስፈራው የሰውየው ጸሎት ሳይሆን የእጁ ርዝመት ነው አለ።

መልስ 19 እና 20፦ ከዚያ ተነስተው በ2010 ክረምት ስለተደረገው የሲኖዶስ እርቅ ተከራከሩ። አንዱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስታርቀው አቡነ መርቆርዮስን ይዘው መመለሳቸው ለቤተ ክርስቲያን የዋሉት ትልቅ ውለታ ነው፤ ወንጌላዊ ሆነው ለኦርቶዶክስ መድከማቸውም ሊመሰገን ይገባል አለ። ሌላው ያን ዕለት በደስታ እንዳለቀሰ ሳይክድ፣ ለማስታረቅ የተከፈተ በር ለሌላም ይከፈታል ብሎ በ2015 ጥር ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ጳጳሳት ሲሾሙ የነበረውን ጭንቅ አነሳ። ሁለቱም ኦርቶዶክሶች ናቸው። አልተስማሙም፤ አልተሰዳደቡምም።

መልስ 21፦ ባለ 2 ቁጥሩ አባት ተመለሱ። አንቀጽ 126ን ያኔ ትምህርት ቤት እንዳነበቡት፣ ግን አንድም ቀን ለሙስሊሙ ጎረቤታቸው ምን እንደሚል አስበውት እንደማያውቁ ጻፉ። ጎረቤታቸው ስማቸውን ለሥራ ማመልከቻ ሲጽፉ አሕመድን አያስገቡም ነበር። ምክንያቱን ያወቁት ከጅማዋ እህት መልስ በኋላ ነው። ጎረቤታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

መልስ 22፦ የድሮ ነጋሪት ጋዜጣ የት እንደሚገኝ የጠየቀ ነው። የሕግ ተማሪው በግል መልእክት እልክልሃለሁ አለው።

መልስ 23፦ የሰሜን ሸዋው መምህር ዳግም ጻፈ። ክሩን ካነበበ በኋላ አጎቱ ዘንድ ገጠር ደውሎ፣ አያቱ ከእርሻ ዳር ከተቀበሩ በኋላ ለአካባቢው ፕሮቴስታንቶች የመቃብር ቦታ እንዴት እንደተገኘ ጠየቀ። ልጅ ስለነበረ ያን አያውቅም። አጎቱ እንደነገሩት ቦታውን ያስፈቀዱት የያኔው የቀበሌ ሊቀመንበር ናቸው፤ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል የነበሩ ኦርቶዶክስ። ሽማግሌ ሰብስበው፣ ቄሱ ጋ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ የግጦሽ መሬት ቆርሰው ሰጡ። በዚያ ምክንያት ጽዋ ማኅበራቸው ለሁለት ዓመት ጽዋ አላደረሳቸውም። መምህሩ ይህን ሁሉ ዘመን ስማቸውን እንኳ አያውቅም ነበር፤ አሁን አውቆታል፣ እዚህ ግን መጻፍ አልፈለገም።

መልስ 24፦ ባለ 8 ቁጥሩ ነው። ከ9 በኋላ አንድም ቃል አልጻፈም ነበር። ስለ ቤተ መንግሥቱ ያለውን አላነሳም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። መምህሩን እንደ መጀመሪያው አንቱ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ እኚያ ሊቀመንበር ዛሬ በሕይወት አሉ ወይ? መምህሩ ገና አልመለሰለትም።